ከሐምሌ 19 እስከ ኮሪደር ልማት፦ ሰፈር ሲታደስ ነዋሪው የት ይሄዳል?

የአዲስ አበባን የሰፈር ስሞች አመጣጥ የሚከታተል ሰው ሁለት ስሞች ላይ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም በጣሊያንኛ ቤት ማለት ከሆነው ቃልና «ኢንቺስ» በሚል ምሕጻረ ቃል ከሚታወቀው፣ ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ተቋም ስም ተዳቅሎ የተገኘ ነው። «ፖፖላሬ» ደግሞ ጣሊያኖች ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚሠራ ርካሽ መኖሪያ ቤት የሚጠሩበት ቃል ነው። እንግዲህ ሁለት የታወቁ ሰፈሮቻችን ስማቸውን ያገኙት እንደ ራስ ብሩ ሰፈር ወይም እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ከመኳንንት ሳይሆን፣ መንግሥት ለደመወዝተኛ ከሠራው ቤት ነው ማለት ነው። ነገሩን የሚያመረው ቤቶቹ የታሰቡት ለአገሬው ሰው አለመሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከነዚህ ሁለት ስሞች ይጀምራል። ባለፉት ዘጠና ያህል ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የተፈራረቁት መንግሥታት ሁሉ በየተራቸው «የተጎሳቆለውን ሰፈር እናድሳለን» ብለዋል። አንዳንዶቹ ቤት ሠርተዋል፤ አንዳንዶቹ መናፈሻ ሠርተዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱንም ሠርተዋል። ነገር ግን ቤቱና መናፈሻው በአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሕዝብ፣ ያውም አስቀድሞ በዚያው ይኖር ለነበረው ሕዝብ የተሠሩበትን ጊዜ ብንፈልግ የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ገንዘብ ማጣትን እንደ ምክንያት ማቅረብ የተለመደ ነው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማነቷ የጦር ሰፈርነት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ መኳንንቱ በየኮረብታው፣ ጭፍራውና አሽከሩ፣ ጠላ ጠማቂውና አንጥረኛው ደግሞ በየጌታው ዙሪያ ሰፈሩ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ከዚህ አሰፋፈር የተነሣ ባለጠጋውና ደሃው በአንድ አጥር ዳርና ዳር ኖሩ። ይህን እኩልነት ብሎ መጥራት አይቻልም፤ ጌታና ሎሌ ነበሩ። ሆኖም ደሃው ከእንጀራው ቅርብ ነበር። ልብስ አጣቢዋ በእግሯ ሄዳ አጥባ ለልጆቿ ምሳ ትመለሳለች። ይህ ቅርበት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከተማው ያወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው «ዘመናዊ ዕድሳት» የመጣው ከወራሪው ጋር ነው። ፋሺስቶች በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዙ የከተማ ፕላን ጥያቄ ወዲያው ተነሣ፤ ስመ ጥሩው አርክቴክት ለኮርቡዚየ ሳይቀር አዲስ አበባን እንደ ባዶ ሜዳ ቆጥሮ የነደፈውን ሥዕል ለሙሶሊኒ ልኳል። ያ ሥዕል ሥዕል ሆኖ ቀረ። በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ዕቅድ ግን ነጩንና ጥቁሩን መለየትን ዋና መመሪያው ያደረገ ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ፤ ነባሩ ሕዝብ ወደ «አዲስ ከተማ» ተገፋ፤ ለሚመጣው ጣሊያናዊ ሠራተኛ ደግሞ ካዛንቺስና ፖፖላሬ ተጀመሩ። ወራሪው በአምስት ዓመት ተባረረ። ከተማን ማሳመር ማለት አስቀድሞ ነባሩን ማንሣት ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን አብሮት የተባረረ አይመስለኝም።

ከነፃነት እስከ አብዮት ያለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በ1948 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ከእርሱም በኋላ ሌሎች የውጭ ባለሙያዎች ፕላን እየነደፉ ሄዱ። መሬቱ ግን በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ስለነበረ ፕላኑ ወረቀት ላይ፣ ከተማው ደግሞ በራሱ መንገድ አደጉ። ባለ ርስቱ በግቢው ውስጥ የጭቃ ቤት እየደረደረ ያከራያል፤ ከገጠር የሚጎርፈው ሕዝብ ይከራያል። ከከተማው ነዋሪ የሚበዛው ተከራይ ነበር። ዛሬ «ያረጀ የቀበሌ ቤት» ብለን የምናፈርሰው አብዛኛው ቤት የተሠራው በደርግ ዘመን ሳይሆን በዚህ ዘመን፣ ለኪራይ ትርፍ ሲባል በጥድፊያ ነው። ማገርና ጭቃ ሃምሳና ስልሳ ዓመት መቆሙ ይገርማል እንጂ ማርጀቱ አይገርምም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ የነበረው ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ዝቅተኛ ኪራዮች እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሱ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በአዲስ አበባ ብቻ የቀበሌ ቤቶች ቁጥር ወደ 150 ሺህ ገደማ ደረሰ። አንድ ነገር እናስተውል፦ በዚያ ቀን የከተማው አስተዳደር በዓለም ላይ ብዙ ከተሞች ያላገኙትን ነገር አገኘ። በመሐል ከተማ የሚገኝ መሬትና በዚያ መሬት ላይ ደሃ የሚኖርበት የሕዝብ ቤት በአንድ እጅ ገባ።

አዋጁን የሚያወድሱትም የሚረግሙትም ብዙ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር አዋጁ ስለ ባለቤትነት በዝርዝር ሲደነግግ ስለ ጥገና ግን የሚጨበጥ ነገር ትቶ አለማለፉን ነው። አምስትና አሥር ብር የሚከፈልበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ እንኳ ከኪራዩ አይወጣም። ቀበሌው ለማደስ ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ ለማደስ መብቱ የተረጋገጠለት አይደለም። አድሶ ቢገኝ «ያለፈቃድ ግንባታ» ይባላል፤ ሳያድስ ቢቀር ቤቱ ይወድቅበታል። ስለዚህ ሕዝቡ መካከለኛ መንገድ ፈለገ። ልጅ ሲያድግ ቆጥ ይሠራለታል፤ ገቢ ሲያንስ ደባል ይገባል፤ ማድቤቱ ወደ መኝታ ቤትነት ይለወጥና ምድጃው ወደ ደጅ ይወጣል። ውኃው ከቦኖ፣ መጸዳጃው የጋራ ነው። በሁለት ክፍል ሦስት ትውልድ ኖሯል።

በየዓመቱ ተማሪዎቼን «በቀበሌ ቤት ያደገ?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከክፍሉ ብዙው እጅ ይነሣ ነበር፤ አሁን አሁን የሚነሡት እጆች ጥቂት ሆነዋል። እጃቸውን የሚያነሡት ግን ሁልጊዜ ሁለት ነገር አብረው ያነሣሉ፦ የመጸዳጃ ቤቱን ሽታና የጎረቤቱን ደግነት። ስለ ሁለተኛው ብቻ የሚጽፉ አሉ፤ ችግርን በናፍቆት ቀለም መቀባት ይቀናቸዋል። ስለ መጀመሪያው ብቻ የሚናገሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ግሬደር የሚያሰማሩት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቸው ሪፖርቶች ከአዲስ አበባ መኖሪያ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው የተጎሳቆለ ሰፈር መመዘኛ ውስጥ እንደሚወድቅ ገልጾ ነበር። ከከተማው አምስት እጅ አራቱ ከሆነ እንግዲህ ስለ «አንዳንድ የቆሸሹ ሰፈሮች» እየተነጋገርን አይደለም፤ ስለ ከተማው ራሱ ነው።

ለዚህ ችግር ከማፍረስ ሌላ መፍትሔ ተሞክሮ ያውቃል ወይ ቢባል፣ አዎን፣ ያውም እዚሁ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በደርግ ዘመን፣ ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅት በቀበሌ 29 ሥራ ጀመረ። ነዋሪውን ሳያነሣ ቤቶችን በያሉበት መጠገን፣ የጋራ ማድቤትና መጸዳጃ መሥራት፣ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ማበጀት፣ ጠባቡን መተላለፊያ ማንጠፍ፣ ለሕፃናትና ለእናቶች የጤና አገልግሎት መስጠት ነበር ሥራው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው የነበሩት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በሥራው ውስጥ ነበሩ፤ በኋላም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን የተቀናጀ የከተማ ልማት ፕሮጀክት አቋቁመው በአቅራቢያው ባሉት በቀበሌ 30፣ 42 እና 43 ቀጠሉበት።

የዚህ ሥራ ቁም ነገር ቴክኒኩ ላይ አይደለም፤ ቴክኒኩ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ቁም ነገሩ የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ነዋሪው ይመዘገባል፤ ምን እንደሚያስፈልገው ይጠየቃል፤ ሴቶቹ ይደራጃሉ፤ የጋራ መጸዳጃው ቁልፍ በየትኞቹ ቤተሰቦች እጅ እንደሚሆንና ማን እንደሚያጸዳው ይወሰናል፤ ግንባታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤት የሚታደስለት ሰው ለጥቂት ጊዜ ዞር ብሎ ይቆይና ወደዚያው ቤቱ ይመለሳል። ሥራው አዝጋሚ ነበር፤ በአንድ የሥራ ዘመን ተጠናቆ ሪባን የሚቆረጥበት ዓይነት አይደለም፤ ፎቶግራፍ ላይም አያምርም። ከዚህም በላይ መሬቱን ለሽያጭ ነፃ አያደርግም። ለምን በከተማ ደረጃ እንዳልተስፋፋ ስጠየቅ ይህን የመጨረሻውን ምክንያት አስቀድማለሁ።

በ1996 ዓ.ም. አቶ አርከበ ዕቁባይ የከተማው ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ የኮንዶሚኒየም ዘመን ጀመረ። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ በገርጂ ከተሞከረው አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ አሠራር ተነሥቶ፣ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። የዚህን ፕሮግራም ትልቅነት ማናናቅ አይገባም። ብሎኬት አምራቾች፣ በርና መስኮት ሠሪዎች፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ሙያ አገኙበት። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተመደበ። በከተማው ዳርቻ ከመቶ ሺህ በላይ ቤት ተሠራ። እንጀራ መጋገርና በግ ማረድ በፎቅ ላይ እንደማይሆን ታስቦ የጋራ መገልገያ ቤት በየግቢው መሠራቱ ራሱ አሳቢዎቹ አገራቸውን የሚያውቁ ለመሆናቸው ምስክር ነው።

ነገር ግን ፕሮግራሙ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ መሣሪያ ለመሥራት ሞከረ። አንደኛው ቤት የሌለውን ባለቤት ማድረግ ነው። ሁለተኛው የተጎሳቆለውን መሐል ከተማ ማደስ ነው። ቤት ለመረከብ 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ያስፈልጋል፤ ቀሪው በባንክ ብድር በየወሩ ይከፈላል። ለወር አሥር ብር የቀበሌ ኪራይ ስትከፍል ለኖረች መበለት ይህ ቤት ሳይሆን ዕዳ ነው። በመሆኑም ብዙ ባለ ዕጣዎች ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ረከስ ወዳለ ኪራይ ገቡ፤ ከተከራዩ የሚያገኙትን ለባንክ ያስገባሉ። እስከ አምስት ዓመት መሸጥ ይከለከል ነበር፤ ማከራየት ግን አልተከለከለም። ለደሃ የተሠራው ቤት በዚህ መንገድ ደመወዝ ያለው ተከራይ መኖሪያ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ሲካሄድ «10 በ90» የተባለው ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበ ዘርፍ መጨመሩ መንግሥትም ክፍተቱን እንዳየው ያሳያል። የዚያን ጊዜ የተመዝጋቢው ቁጥር ከ800 ሺህ አለፈ።

ልደታን እንውሰድ። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ከልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ 26 ሄክታር ያህል ሰፈር «መልሶ ማልማት» በሚል ፈረሰ። በከተማው መሐል በዚህ መጠን አንድን ሰፈር ጠርጎ እንደገና መሥራት ያኔ አዲስ ነገር ነበር፤ ለሰንጋ ተራ፣ ለካዛንቺስ፣ ለአራት ኪሎው ባሻ ወልደ ችሎትና ለደጃች ውቤ ሰፈር ምሳሌ ሆነ። የቀበሌ ተከራዮች ያለ ዕጣ ኮንዶሚኒየም እንዲገዙ፣ ወይም ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት እንዲወስዱ ምርጫ ተሰጣቸው። የግል ባለይዞታዎች ካሳና ምትክ ቦታ ያገኛሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ማንም ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ ይህን ለባለሥልጣናቱ መመስከር ይገባል። ብዙዎቹ ወደ ጀሞና ወደ መሳሰሉት ዳርቻዎች ሄዱ። በፈረሰው ቦታ ላይም ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ምድር ቤቱ ሱቅ ሆኖ በጨረታ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ልደታ ላይ ሻይ አፍልታ ለፍርድ ቤት ባለጉዳይ ትሸጥ የነበረች ሴት ጀሞ ላይ ባለጉዳይ የላትም። ጉልት ያላት ጉልቷ አይከተላትም። ዕድር ደግሞ ቀብር ደርሶ የሚያለቅስ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል ሰው ይፈልጋል፤ አባላቱ በአምስት አቅጣጫ ከተበተኑ መዝገቡ ብቻ ይቀራል። በመንግሥት ቋንቋ እነዚህ ሰዎች «የልማት ተነሺዎች» ይባላሉ። ቃሉ በጣም ያስገርመኛል። ተነሥተው የት እንደተቀመጡ የሚናገር ሁለተኛ ቃል በመመሪያዎቻችን ውስጥ እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ወደ መናፈሻው እንለፍ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ባይመጣ ኖሮ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር እንደነበር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ከተማዋ በዛፍ ምክንያት የቆየች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሕዝብ መዝናኛ የታሰበ አረንጓዴ ቦታ ግን ሁልጊዜ እንደ ትርፍ ነገር ሲታይ ኖሯል። አፍሪካ ፓርክ፣ ብሔረ ጽጌ፣ የካ፣ አምባሳደር፣ ፒኮክ የሚሉት ስሞች ለአዲስ አበባ ሰው በብዛት የሚያስታውሱት የሙሽሮችን ፎቶግራፍ ነው። ከአዋጁ ቀን ጋር አንድ ስም የሚጋራ «ሐምሌ 19» የሚባል መናፈሻም አለን። የመሬት አዋጅና የመናፈሻ ስም እንዲህ ተገናኝተው ሳለ ቤትና መናፈሻ በአንድ ፕላን አለመገናኘታቸው ያሳዝናል።

እውነተኛው የሕዝብ መናፈሻ ጃን ሜዳ ነበር እላለሁ። አበባ የለውም፤ ወንበር የለውም፤ ግን ጥምቀት የሚወርድበት፣ ሩጫ የሚሮጥበት፣ የሰፈር ቡድን ኳስ የሚራገጥበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ሲዛወር፣ ቀጥሎም ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳውን ለማስለቀቅ ሲሯሯጡ፣ በመሐል ከተማ አንድ ባዶ ሜዳ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁሉም አየ።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ መናፈሻ ከትርፍ ነገርነት ወጥቶ የመንግሥት ዋና ሥራ ሆነ። «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር እንዲፈጅ ታቅዶ ተጀመረ፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. አንዱ ተጋባዥ 5 ሚሊዮን ብር የከፈለበት «ገበታ ለሸገር» ተደረገ። አንድነት ፓርክ በ2012፣ ወዳጅነት አደባባይ በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈቱ። «ሕዝብ ዳቦ አጥቶ መናፈሻ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ትችት አልጋራም። መናፈሻ የሚያስፈልገው ይልቁንም በአንድ ክፍል ስድስት ሆኖ ለሚያድረው ነው፤ ግቢ ያለውማ ግቢው አለው። ስለዚህ ጥያቄዬ መናፈሻ መሠራቱ ላይ አይደለም። መግቢያው በክፍያ ከሆነ፣ ወንዙ ዳር ጎጆ ቀልሶ ጎመን ያበቅል የነበረው ደሃ ደግሞ ከተነሣ፣ በዚያ ሣር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

ቤትንና መናፈሻን አንድ አድርጎ መሥራት በሌላ አገር እንዴት እንደተቻለ ለማየት ቪየናን መጥቀስ ይጠቅማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኦስትሪያ ዋና ከተማ የተራበች፣ በቤት እጦት የተጨነቀች ከተማ ነበረች። የሶሻል ዴሞክራቶቹ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግብር ጣለ፤ ግብሩ ሰፊና ውድ ቤት ባለው ላይ በጣም የሚከብድ፣ ጠባብ ቤት ባለው ላይ የሚቀል ነበር። በዚህ ገንዘብ እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ ቤቶች ተሠሩ። በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ 1,382 ቤቶች ያሉት ሲሆን፣ ከግቢው አንድ አምስተኛ የማይሞላው ብቻ ነው ሕንፃ ያረፈበት፤ የቀረው የአትክልት ቦታና የልጆች መጫወቻ ነው። የልብስ ማጠቢያ፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት በውስጡ ነበሩ። ቤቶቹ አልተሸጡም፤ ተከራዩ። በ1934ቱ የእርስ በርስ ውጊያ ሕንፃው በመድፍ ተመታ፤ ቆሞ ግን ቀረ። ዛሬም የቪየና ከተማ ወደ 220 ሺህ የሚጠጋ የራሱን ቤት ያከራያል። ሐምሌ 19 የወረስናቸው 150 ሺህ ቤቶች ትዝ ይላሉ።

በመግቢያዬ የተውኩት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ቪየና ይህን ለማድረግ ግብር ጥላ መሬት መግዛት ነበረባት። እኛ መሬቱ በእጃችን ነበር። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሊዝ ሥርዓቱ ያንን መሬት ወደ ከተማው ዋና የገቢ ምንጭነት ለወጠው። በ2007 ዓ.ም. በመርካቶ አካባቢ አንድ ካሬ ሜትር በጨረታ ከ300 ሺህ ብር በላይ እንደቀረበለት እናስታውሳለን። ይህን ዋጋ ያየ አስተዳደር በዚያው መሬት ላይ በወር አሥር ብር የሚከፍል ቤተሰብ ሲመለከት የሚታየው ነዋሪ ሳይሆን የባከነ ገቢ ነው። የአዋጅ 47 ዓላማ ደሃውን ከባለ ርስቱ ማላቀቅ ከነበረ፣ ያንኑ ደሃ ከመሐል ከተማ ለማንሣት ያለ ብዙ ክርክር ያስቻለውም ይኸው የመንግሥት ባለቤትነት መሆኑ ከታሪካችን መራራ ምጸቶች አንዱ ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሲሆን፣ ያየነው የዚህን አስተሳሰብ ከሁሉ የፈጠነውን ምዕራፍ ነው። የኮሪደር ልማቱ ያመጣውን መካድ ግን ሐቀኝነት አይሆንም። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል፤ በዓድዋ መታሰቢያ ዙሪያና በየአደባባዩ ማታ ማታ ያለ ክፍያ ቤተሰብ ሲናፈስ፣ ልጆች ሲጫወቱ ይታያል። ለተነሺዎቹም ምትክ ቤት መሰጠቱን አስተዳደሩ ይገልጻል። ነገር ግን ከካዛንቺስ የተነሣው ሰው የተሰጠው ቤት ገላን ጉራ ነው፤ አደባባዩ ያለው ካዛንቺስ ነው። በሁለቱ መካከል የታክሲ ሰልፍ አለ። ጣሊያኖች ለሠራተኞቻቸው ቤት ሲሠሩ ከቢሮ አጠገብ ማድረጋቸው አላዋቂነት አልነበረም።

ገና ያልፈረሱ የቀበሌ ቤቶች በተክለ ሃይማኖት፣ በአዲስ ከተማ፣ በጉለሌ፣ በሌሎችም ሰፈሮች አሉ። ስለ እነርሱ ሳስብ የሚታየኝ ከላይ ያነሣኋቸው ሁለት ነገሮች መጋጠማቸው ነው፤ የቀበሌ 29 ቅደም ተከተልና የቪየና የኪራይ መርሕ። ማስነሣት የግድ በሚሆንበት ቦታ እንኳ በደረጃ ማድረግ ይቻላል፦ በመጀመሪያ በሰፈሩ ውስጥ ባለ ክፍት ቦታ ላይ ቤት ይሠራል፤ ነዋሪው ወደዚያ ይገባል፤ ከዚያ የለቀቀው ይፈርሳል። የሚሠራው ቤት በሙሉ የሚሸጥ መሆን የለበትም። አንድ ክፍሉ የከተማው ሆኖ ይቆይና ይከራይ፤ ኪራዩም አሥር ብር ሳይሆን ጣሪያ የሚጠግን፣ ግን ከእንጀራ ጋጋሪ አቅም ያልዘለለ ይሁን። ከዚያው ሰፈር መሬት በጨረታ ከተሸጠው የተወሰነ ድርሻ ለዚያው ሰፈር ቤትና የልጆች መጫወቻ ይዋል። ይህን ለመከልከል የሚያስገድድ ሕግ የለንም፤ መሬቱ የመንግሥት ነውና የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በጣም ርካሽ የሆነ አንድ ሥራ አለ። እያንዳንዱ ወረዳ የቤት ኪራይ የሚሰበስብበት መዝገብ አለው፤ የተከራዩ ስም፣ የቤት ቁጥሩና የቤተሰቡ ብዛት በውስጡ ተጽፏል። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት በዚያ መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመርና፣ መናፈሻው በተመረቀ በዓመቱ እነዚያ ቤተሰቦች የት እንደሚኖሩ ይሞላበት፤ ድምሩም፣ የሰዎቹ ስም ሳይጠቀስ፣ እንደ ኪሎ ሜትሩና እንደ አምፖሉ ቁጥር ለሕዝብ ይነገር። ልደታ ከፈረሰ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ምን ያህሉ ዛሬም በዚያው እንደሚኖሩ የሚገልጽ እንዲህ ያለ ዓምድ በአንድም የምረቃ ሪፖርት ላይ አላየሁም።